ስልክ ቁጥሩን አትሰብስቡ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለተላላፊ በሽታ የንክኪ መከታተያ አፕ እየሠራን ነው። ስልክ ቁጥርና የጂፒኤስ ቦታ ሰርቨር (የኛ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ እናስቀምጣለን። ሰው ግን ‹ልትሰልሉን ነው› ብሎ አልጭንም አለ። ምን ይሻለናል?»

ሰዉ እውነቱን ነው። ጂፒኤሱን ዛሬውኑ አውጡት። ሦስተኛና አምስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎችን አይለይላችሁም፤ የሰውን ቤትና የሚሄድበትን ቤተ እምነት ግን ያጋልጣል። ስልክ ቁጥሩም ይቅር። በሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የሚባለው አፕ ለንክኪ ልየታ ብቻ ነው ተብሎ ነበር። በጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ፖሊስም መረጃውን ለወንጀል ምርመራ መጠየቅ እንደሚችል ተነገረ፤ ሕዝቡም ተቆጣ። መረጃው አንድ ቦታ ከተከማቸ ጠያቂ አያጣም።

በብሉቱዝ ሥሩት። ስልኩ በየቀኑ አዲስ ሚስጥራዊ ቁልፍ ያወጣል። ከቁልፉ የሚመነጩ አጫጭር መለያዎችን ያሰራጫል፤ መለያው በየ15 ደቂቃው ገደማ ይቀየራል። አጠገቡ ያለ ስልክ የሰማውን ለ14 ቀን እራሱ ጋ ይይዛል። በሽታው የተገኘበት ሰው ከፈቀደ የራሱን የቀን ቁልፎች ብቻ ይልካል። ሌሎቹ ስልኮች ቁልፎቹን አውርደው ከሰሟቸው መለያዎች ጋር እዚያው ያመሳክራሉ፤ ከገጠመ ባለቤቱን ደውለው ያስጠነቅቃሉ። ማን ከማን ጋር እንደነበረ ሰርቨሩ አያውቅም። የጀርመኑ የኮቪድ ንክኪ መከታተያ ኮሮና ዋርን አፕ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለያው ሲቀየር የብሉቱዝ አድራሻውም (ስልኩ በብሉቱዝ የሚታወቅበት ቁጥር) በዚያው ቅጽበት መቀየር አለበት። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ፣ የዘገየው አሮጌውን ከአዲሱ ያያይዘዋል፤ መንገድ ዳር መቀበያ የተከለ ሰውም አንድን ስልክ ቀኑን ሙሉ ይከተለዋል።

ቁልፍ መላኩ ራሱ «ይሄ ሰው ታሟል» ብሎ ይናገራል፣ ይዘቱ ቢመሰጠርም። ስለዚህ ጤነኛውም ስልክ አልፎ አልፎ መጠኑ እኩል የሆነ ባዶ መልእክት ይላክ። የአይፒ አድራሻ (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) መዝገብ አትያዙ። ማንም ተነስቶ «ታምሜያለሁ» እንዳይል፣ ከጤና ባለሙያ የሚሰጥ አንዴ ብቻ የሚሠራ ኮድ ይኑር።

አይፎን አፑ ከስክሪን ሲወርድ የብሉቱዝ ስርጭቱን ይገድባል፤ ቀድማችሁ ፈትሹት። ከብሉቱዝ ምልክቱ ጥንካሬ የሚገመተውን ርቀትም አትመኑት፤ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ምልክቱ ይደክማል። ሰው የሞላው ሚኒባስ ውስጥ፣ ስልኩን ኪስም ቦርሳም እያደረጋችሁ ሞክሩና ስልኩ ምልክቱ ምን ያህል ሲጠነክር እንደሚያስጠነቅቅ ከዚያ ወስኑ።