ዲሽ ተሸክማችሁ ኮረብታ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣

በማይክሮዌቭ ሞገዶች የአማተር ሬዲዮ ውድድር ልትጀምሩ ስታስቡ ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ዋት ይበቃኛል?» እኔም ጥያቄውን በጥያቄ እመልሳለሁ። ለመሆኑ የቆማችሁበትን ፍሪኩዌንሲ በእርግጠኝነት ታውቁታላችሁ?

እኔ አላውቀውም ነበር። በ10 ጊጋኸርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደርኩ ቀን ሳይነጋ ኮረብታ ወጥቼ፣ ዲሹን ተክዬ፣ እስከ ማታ ስጣራ ዋልኩ። የሚመልስልኝ ጠፋ። አየሩን ረገምኩ፣ ዛፉን ረገምኩ፣ ቀጠሮ የያዝኩትን ወዳጄን «ተኝቶ ነው» ብዬ አማሁት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ መሣሪያዬን ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ። ነገሩ የገባኝ ሌላ ቀን ትራንስቨርተሩን (የሬዲዮዬን ምልክት ወደ 10 ጊጋኸርዝ የሚያሻግረውን ሣጥን) ብርድ ላይ አስቀምጬ ስለካው ነው፤ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ኦሲሌተር ከቦታው ሸሽቷል። በ10368 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሊዮን አንድ እጅ ስሕተት ማለት ከ10 ኪሎኸርዝ በላይ መራቅ ነው። ወዳጄ በተቀጣጠርንበት ቦታ ጆሮውን ተክሎ ሲጠብቀኝ፣ እኔ ሌላ ሰፈር ሆኜ ስጮህ ነበር የዋልኩት።

ያኔ የምንሠራው በድምፅና በሞርስ ስለነበር፣ መቃኛውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ የጠፋን ሰው መፈለግ ይቻል ነበር። የእናንተ ዲጂታል ስልት ግን ጠባብ ነው። ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ በ2017 ያወጡት ኤፍቲ8 መልእክቱን 50 ኸርዝ በሚሆን ስፋት፣ በ15 ሰከንድ ተራ ይልካል። (ቴይለር በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተካፈለው፣ በፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት በሚልክ ኮከብ፣ ጥናቱ የሚታወቀው ሰው ነው። ከሰማይ ደካማ ምልክት ሲለቅም የኖረ ሰው የእኛም ነገር ቢገባው አያስገርምም።) በ2500 ኸርዝ ስፋት ከሚለካው ጫጫታ 21 ዴሲቤል ገደማ ያነሰውን ምልክት እንኳ ያነባል። ነገር ግን ሰዓታችሁ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከተዛባ፣ ወይም ኦሲሌተራችሁ መልእክቱ ሳያልቅ ከተንሸራተተ፣ ፕሮግራሙ ዝም ይላችኋል። ለምን ዝም እንዳለም አይነግራችሁም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ገንዘብ በጂፒኤስ ለሚታረም የ10 ሜጋኸርዝ ማጣቀሻ፣ ማለትም መሣሪያችሁ ፍሪኩዌንሲውን ለሚያስተካክልበት ምልክት አውጡት። ዋቱ ይደርሳል። መሣሪያውም ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት በደንብ ይሙቅ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ዲጂታሉን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በ2021 የመጣውን ኪው65 የተባለ ሌላ ዲጂታል ስልት እወደዋለሁ፤ ዝናብን ስለሚችል ነው። በ10 ጊጋኸርዝ ላይ ከባድ ዝናብ ያዘለ ደመና እንደ መስተዋት ሊያገለግል ይችላል፤ ሁለት ጣቢያዎች ዲሻቸውን እርስ በርስ ሳይሆን ወደ ደመናው አዙረው ይገናኛሉ። ጠብታዎቹ ግን በየራሳቸው ፍጥነት ስለሚንቀሳቀሱ የሚመለሰው ምልክት ሻካራና የተበተነ ነው። መልእክቱን የሚሸከሙት የኤፍቲ8 ቃናዎች የሚራራቁት በ6.25 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ይደባለቃሉ። ኪው65 ቃናዎቹን የሚያራርቁ አማራጮች ስላሉት ይዘልቀዋል። ታዲያ ዝናቡ ጠንክሮ ሞርሱ በጆሮ እየተሰማ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ተወዳዳሪ ሳይ ያናድደኛል። ጎበዝ የሞርስ ሰው በግማሽ ደቂቃ የሚጨርሰውን ነገር፣ ዲጂታሉ በየተራው ሲቀባበል ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ወደ 24 ጊጋኸርዝ ስትወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የውኃ ተን በ22 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሞገዱን ስለሚውጥ፣ እዚያ የምትመኙት ደረቅ አየር ነው።

ስለ አቅጣጫ ብዙ አልልም። የ60 ሳንቲሜትር ዲሽ በ10 ጊጋኸርዝ ላይ ጨረሩ ከሦስት ዲግሪ ተኩል ብዙም አይሰፋም፤ በዓይን ግምት የሚሆን አይደለም። ኮምፓስ መኪና አጠገብ ይዋሻል። ፀሐይ አትዋሽም፤ በየደቂቃው የት እንዳለች ከሠንጠረዥ ይገኛል። እሷም የሬዲዮ ጫጫታ ስለምትረጭ፣ ዲሹን ወደ እሷ ስታዞሩ ጫጫታው ካልጨመረ ደግሞ መቀበያችሁ ደንቁሯል ማለት ነው። ኃይል የሚወጣበትን ዌቭጋይድ (የሞገዱን ቱቦ) አፉ ላይ ሆናችሁ እንዳትመለከቱ፤ ዓይን ምትክ የለውም።

የመጨረሻው ጉዳይ መዝገብ ነው። በነዚህ ሞገዶች ውድድር ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በኪሎሜትር ነው፤ ኪሎሜትሩም የሚገኘው ሁለቱ ጣቢያዎች ከሚለዋወጡት የሜይደንሄድ መለያ፣ ማለትም ጣቢያው ያለበትን ቦታ በፊደልና በቁጥር ከሚገልጸው ኮድ ነው። የዛሬው ፕሮግራም የምትጠብቁትን የጥሪ ምልክት (የጣቢያውን መጠሪያ) አስቀድሞ ካወቀ፣ ያንን ተጠቅሞ የጎደለውን ይሞላል፤ አንዳንዴም ያልተላከውን ያነባል። በስልክ መቀጣጠር ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ችግር የለውም። መለያው ግን በሬዲዮ መምጣት አለበት።

አንድ ጊዜ በሞርስ በጣም ሩቅ ጣቢያ ያዝኩ። ከስድስቱ የመለያ ምልክቶች የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት በተላኩ ቁጥር በጫጫታ ይዋጡብኛል። ሰውየው አዘነልኝና በስልክ ላከልኝ። አየሁት፤ ማየቴን ደግሞ መልሼ ላጠፋው አልቻልኩም። መስመሩን ሰረዝኩት። ኪሎሜትሩን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የዚያን ቀን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው በዝናብ ደመና ላይ አገኘሁት፤ ሻካራ በሆነ ሞርስ ስድስቱንም ላከልኝ፣ ስድስቱንም ሰማሁ።

73 (በእኛ በሬዲዮኞች ቋንቋ፣ መልካም ምኞት)