መልስ፦ አዳማ ላይ ወይን ይሆናል?

«የአርጀንቲናዋ ሜንዶዛ በረሃ ሆና ወይን ካበቀለች አዳማን ምን ያግዳታል?» ላልከው ወንድሜ፣ ከፍታው እንኳን አያንሰንም። እዚያ ወይን የሚተከልበት የኡኮ ሸለቆ ከ900 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አዳማ 1,600ን ታልፋለች። ጣጣው ዝናቡ ነው። ሜንዶዛ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ታገኛለች። ውሃዋ ከአንዲስ ተራራ የሚቀልጥ በረዶ ነው፣ በቦይ ይመጣል። ገበሬው ሲፈልግ ይለቀዋል፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል። የኛን ሐምሌና ነሐሴ ማን ይዘጋልሃል? ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሲሰነብት ሻጋታ ይጫወትበታል። ደግሞ እዚያ ተክሉን ብርዱ ያስተኛዋል፤ እዚህ ገርዘህና ውሃ ከልክለህ የምታሳርፈው አንተ ነህ። የፈረንሳዩ መጠጥ አምራች ካስቴል ዝዋይ ላይ ተክሎ ወይን ጠጅ አምርቷል፣ ስለዚህ አይሆንም አልልህም። ለግቢህ ከሆነ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ምረጥና በሽቦ ከፍ አድርገው። ማንጎ ጥላ ሥር ግን እንዳትሞክረው!