ካርቡራተር ከታጠበ በኋላ የሚግል ሞተር

ወንድሜ፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ከታጠበ ወዲህ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ሳትደርስ ሞተሩ የሚግል፣ ጋዝ ስትለቅም ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የሚተኩስ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ወይም አየር በዝቶበታል። በከፍታው አታሳብብ፤ 1,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ይወፍራል (ቤንዚን ይበዛበታል) እንጂ አይሳሳም።

ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍታና ጫፉን እይ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ኖራ ከነጣ ድብልቁ ሳስቷል። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጠው) እየሠራ ካርቡራተሩ ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ አድርግ። ድምፁ ከተለወጠ ወይም አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ተቆርጧል፣ አለዚያም ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) በደንብ አልተቀመጠም። ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚህ ነው። እስክታገኘው ረጅም መንገድ አትንዳው፣ ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ነክሶ ይቀራል።

እዚያ ካልሆነ ጅግለሮቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ብሎኖች) በኮምፕረሰር አስነፋ። በሽቦ የሚጎረጉር መካኒክ ካየህ ሽቦውን ተቀበለው፣ ቀዳዳውን ያበላሸዋል። የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን ሳታጠብቅ እስክትነካ ዝጋና አንድ ተኩል ዙር መልሰህ ክፈት፤ የቀረውን ሞተሩ ሲሞቅ በጆሮህ ትጨርሳለህ።