ጂንስ የለበሰችው እንቁራሪት

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ስህተቴ ነው።

በኒካራጓ፣ በኮስታ ሪካና በፓናማ፣ በካሪቢያን ባሕር በኩል ባለው ቆላማ የዝናብ ደን አንዲት እንቁራሪት አለች። ርዝመቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነቷ እንደ በርበሬ ቀይ፣ እግሮቿ ሰማያዊ። "ብሉ ጂንስ" ይሏታል፤ እውነትም ሱሪ የታጠቀች ነው የምትመስለው። በፓናማ የቦካስ ዴል ቶሮ ደሴቶች ግን ያው ዝርያ አንዱ ጋ ብርቱካናማ፣ ሌላው ጋ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ቀለሟ "አትንኩኝ" ማለቷ ነው፤ ቆዳዋ መርዝ አለው። ለዚህም ነው ጨለማ ሳትጠብቅ በጠራራ ፀሐይ በረገፈ ቅጠል ላይ የምትንጎራደደው።

እኔ ታዲያ "መርዙን ራሷ ትሠራዋለች" እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ! አንድ ቀን አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ከምን ትሠራዋለች?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። "ፈተና ላይ አይመጣም፣ ቁጭ በል" አልኩት። ክፍሉ ሳቀበት።

መርዙ ከምግቧ ነው የሚመጣው። ከጉንዳንና የመዥገር ዘመድ ከሆኑ፣ በዓይን ለማየት ከሚያስቸግሩ ፍጥረታት። ሰው ቤት የፍራፍሬ ዝንብ እየበላች ያደገችዋ መርዝ የላትም። ቀለሟ ያው ነው፣ ጫካው ግን የለም።

እናቲቱን ደግሞ ስሙኝ። እንቁላሎቿን ረግረግ ሳይሆን እርጥብ ቅጠል ላይ ትጥላለች። ወንዱ እንዳይደርቁ ያረጥባቸዋል። ሲፈለፈሉ እናት እጮቹን አንድ በአንድ ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ የአናናስ ዘመድ በሆነ ተክል ቅጠሎች መሃል በተጠራቀመች ጭላጭ ውሃ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ከዚያ እየተመላለሰች ያልዳበረ እንቁላል ትመግባቸዋለች። ስትመጣ እጯ ጭራዋን ታንቀጠቅጣለች፤ "ራበኝ" እንደማለት።

እንግዲህ ምክሬ ይቺ ናት፦ መምህር ሲቆጣችሁ ጥያቄውን እንዳትጥሉት። ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉት። የሚያምር ፍጥረት ፎቶ ስታዩም "ምን ይበላል? የት ይተኛል?" በሉ። እኔ ፎቶውን ብቻ ነበር ያየሁት።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበብክ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። እናቲቱ በምትመግበው እንቁላል ውስጥ ከመርዙም ታካፍላቸዋለች። ጉንዳን አድነው መብላት ሳይጀምሩ በፊት።