ሦስት ሥር ያለው ጥርስ እንዴት አራት ቦይ ይኖረዋል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከስምንት ወር በፊት የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርሴ የሥር ሕክምና (ሩት ካናል) ተደርጎለት ተሞላ። አሁን በዚያ በኩል ሳኝክ ያመኛል። ከጥርሱ በላይ ድዴ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር እየወጣ መግል ያፈሳል፤ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። በቅርቡ ያየኝ ሐኪም «ሳይታከም የቀረ አራተኛ ቦይ ያለ ይመስላል» አለኝ። ጥርሱ ሦስት ሥር ብቻ ካለው አራተኛው ከየት መጣ? ባስነቅለው አይሻልም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለመንቀል አይቸኩሉ። ቦይ ማለት በጥርሱ ሥር ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ የሥር ቁጥርና የቦይ ቁጥር አንድ አይደለም። ይህ ጥርስ ሁለት ሥር በጉንጭ በኩል፣ አንድ ደግሞ በላንቃ በኩል አለው። በጉንጭ በኩል ካሉት የፊተኛው ሥር ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦይ ይይዛል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሙ ገና ሲጀምር «አራት ነው» ብሎ ቢነሳ ይሻላል።

የሚያስቸግረው ማግኘቱ ነው። የአራተኛው ቦይ አፍ ከዚያው ሥር ዋና ቦይ ወደ ላንቃ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ከጥርሱ አካል እንደ ከንፈር ወጣ ባለ ጠርዝ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ያንን ከንፈር በማይክሮስኮፕ እያዩ፣ በአልትራሳውንድ በሚርገበገብ ቀጭን ጫፍ ጥቂት በጥቂት መፋቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ጫፉ 0.08 ወይም 0.10 ሚሊ ሜትር በሆነ ፋይል (ቦዩን በሚፍቅ መርፌ መሰል ቀጭን መሣሪያ) ይሞከራል። እዚህ ላይ መቸኮል የጥርሱን የውስጥ ወለል ይበሳል፤ ጉልበት መጠቀም ደግሞ ፋይሉን ውስጥ ይሰብራል። በተለመደው ራጅ ሁለቱ ቦዮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ስለሚደራረቡ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ስለዚህ ራጁ በጎን ዞር ተደርጎ ይደገማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ለጥርስ የሚሠራው ባለ ሦስት ገጽታ ሲቲ ስካን ነው። የላይኛው የመንጋጋ ሥር ለሳይነስ (ከአፍንጫው ጎን ላለው አየር የሚይዝ ክፍተት) ቅርብ በመሆኑ በዚያ ጎን ብቻ አፍንጫዎ ይደፈን እንደሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ሌሎች ጥርሶችም እንዲህ ያታልላሉ። የታችኛው የፊት ጥርስ በአንድ ሥር ሁለት ቦይ ሊኖረው ይችላል፤ የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ አንዳንዴ ቦዮቹ ተያይዘው የግማሽ ቀለበት ቅርጽ ይይዛሉ።

ድጋሚ ሕክምናው ሲሠራ የድሮው ሙሌት ይወጣል፣ ጥርሱ በጎማ ሽፋን ከምራቅ ይለያል፣ አዲሱ ቦይ ጀርም በሚገድለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በተባለ ፈሳሽ እየታጠበ ይጸዳል፣ ይሞላል። ፋይል የማይደርስባቸው ጠባብ ክፍተቶች ስላሉ እጥበቱ ከመፋቁ እኩል ዋጋ አለው፤ ሐኪምዎ የጎማ ሽፋኑን ካልተጠቀመ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ መንጋጋ ጥርሱ በክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ በሚያለብስ ሽፋን) ይሸፈን፤ ካልተሸፈነ ሊሰነጠቅ ይችላል። አጥንቱ መዳኑ በራጅ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ በ6 ወርና በዓመቱ ይታዩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይጣራ። ሐኪሙ በድዱ ዙሪያ በመለኪያ ሲፈትሽ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ካገኘ፣ ሥሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ድጋሚ ሕክምና አያድነውም፤ መንቀል የሚመጣው ያኔ ነው።

አንቲባዮቲክ ብቻውን አይፈውስዎትም፤ በሞተው ቦይ ውስጥ ደም ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ እዚያ አይደርስም። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ ትኩሳት ከተነሳ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።