ጎመኑ ከምን ጋር ነው የተቀቀለው? ክሪዮል ቤት ለምትጋበዙ

አትላንታ፣ ሂዩስተን ወይም ዳላስ ያላችሁ፣ ይዋል ይደር እንጂ የሥራ ባልደረቦቻችሁ አንድ ቀን «ክሪዮል ቤት እንሂድ» ይሏችኋል። የሉዊዚያናን፣ በተለይ የኒው ኦርሊየንስን ምግብ የሚሠራ ቤት ማለታቸው ነው። ሂዱ። አሜሪካኖች ከሚሠሩት ምግብ ሁሉ ለአበሻ አፍ የሚቀርበው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ቃሪያው አይቀርም፣ ወጡ እሳት ላይ ቆይቶ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። የሚያቃጥል ነገርም አይፈሩም። ታባስኮ የምንለው ሶስ እንኳ የመጣው ከሉዊዚያና ነው፤ እዚያው ኤቨሪ አይላንድ ላይ ከ1868 ጀምሮ ይሠራል።

ችግሩ ምግቡ የኛን ስለሚመስል ሳንጠይቅ ማዘዛችን ነው።

ጎመኑን እንውሰድ። ኮላርድ ግሪንስ የሚሉት ያው እዚህ አገር ቤታችን ጎመን የምንሠራበት ቅጠል ነው። ሜኑ ላይ ከአትክልቶቹ ጋር ተጽፎ ስታዩት፣ በተለይ ቀኑ ረቡዕ ወይም አርብ ከሆነ፣ እፎይ ትላላችሁ። ነገር ግን በአሜሪካ ደቡብ ሰዎች ወጥ ቤት ጎመን በባዶ ውሃ አይቀቀልም። በጢስ የታጠነ የአሳማ ቁርጭምጭሚት ድስቱ ውስጥ ይገባና አብሮ ሲፈላ ይቆያል። ከዚያ አጥንቱ ይወጣል። እናንተ ጋ የሚደርሰው ቅጠሉና መረቁ ብቻ ነው። መረቁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ላዩ ላይ ስብ ይንሳፈፋል፤ ቅጠሉን በሹካ ገለጥ ስታደርጉት ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ሮዝ ሥጋ ታገኛላችሁ።

«ሥጋ አለው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ «የለውም» ትባላላችሁ። አስተናጋጇ እየዋሸች አይደለም። እሷ ዘንድ ያ ማጣፈጫ እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ «ከምን ጋር ነው የተቀቀለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካላወቀች ወጥ ቤት ገብታ ትጠይቅላችሁ። ነውር የለውም፤ አለርጂ ያለበት ሁሉ ስለሚጠይቃቸው ለምደውታል። አሁን አሁን ብዙ የጥቁር አሜሪካውያን ምግብ ቤቶች በአሳማ ፈንታ የታጠነ ተርኪ ይጨምራሉ። አሳማ ለማይበላ ሰው እሰየው ነው። ለጾመኛ ግን ያው ሥጋ ነው፤ ሙስሊሙም ሐላል መሆኑን መጠየቁ አይቀርለትም።

ቀይ ቦሎቄ በሩዝም እንደዚሁ ነው። ኒው ኦርሊየንስ ውስጥ የሰኞ ምግብ ነው። ድሮ ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበር። እመቤቶቹ ከእሁድ የተረፈውን የካም አጥንት ከቦሎቄው ጋር ጥደው ወደ እጥበታቸው ይሄዱ ነበር አሉ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ አሳማው ግን ዛሬም ድስቱ ውስጥ አለ። ሩዙ አብሮ የሚበስልበት ጃምባላያና ጉምቦ የሚሉት ወጥ ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱዊ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ታገኛላችሁ። የበቆሎ ዳቦውም እንቁላልና ወተት አለበት፤ አንዳንዱ ቤት ሲጋግር የአሳማ ስብ ይጠቀማል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ አረንጓዴው ጉምቦ ነው። በኒው ኦርሊየንስ ካቶሊኮች ዘንድ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት የሚበላ፣ ከብዙ ዓይነት ቅጠል የሚሠራ ወጥ ነው። ዱኪ ቼዝ የሚባለው ቤት በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ያቀርበዋል። ቤቱ ከ1941 ጀምሮ ያለ ነው። ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይበሉ በሚከለክለው የመለያየት ሕግ ዘመን ጥቁርና ነጭ የመብት ታጋዮች ፎቁ ላይ አብረው እየበሉ ይመክሩበት ነበር። በ2019 ያረፉት የቤቱ ወጥ ሠሪ ሊያ ቼዝ ዝናውን ያተረፉት በዚህ ምግብ ጭምር ነው። እንግዲህ ሕማማት፣ ሐሙስ፣ ቅጠል ሲባል የኛ ሰው ምን እንደሚያስብ ግልጽ ነው። ድስቱ ውስጥ ግን ካምም ቋሊማም የበሬ ሥጋም አለ።

ከባህር የሚመጣውን በአጭሩ። ሽሪምፕ፣ ሽሪምፕ የሚመስለው ክራውፊሽና ዛጎል ውስጥ ያለው ኦይስተር በየቦታው አሉ። ካትፊሽ የሚሉት አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማትበሉ ተጠንቀቁ። ሬድፊሽ ግን ቅርፊት አለው፣ በቅመም ተለውሶ ብረት ምጣድ ላይ ጠቆር እስኪል ሲጠበስ ግሩም ነው። ብላክንድ በሉና እዘዙ። የሚጠበሰው ነገር ሁሉ አንድ ዘይት ውስጥ የሚገባበት ቤት ስላለ ይሄንንም መጠየቅ ነው። አልኮል የማትነኩ ደግሞ ጣፋጩ ላይ ንቁ። ብሬድ ፑዲንግ ላይ የሚፈሰው ሶስ ብዙ ጊዜ ውስኪ አለበት። በ1951 ኒው ኦርሊየንስ ባለው ብሬናንስ ምግብ ቤት የተፈጠረው ባናናስ ፎስተርም ሙዙ በሩም ነው የሚንበለበለው።

ጾመኞች ግን ምን ይብሉ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ የለም። ባምያ በቲማቲም ያለ ቤከን የሚሠራ ቤት ካገኛችሁ ከነጭ ሩዝ ጋር እሱ ይበቃል። ካልሆነ እቤት ቀምሳችሁ ሂዱና ለጨዋታው ተቀመጡ፣ ወይም ቀኑን ቀድማችሁ አስቀይሩ። «ማክሰኞ ይሁንልኝ» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም። ዝም ብሎ ሳህን እያገላበጡ መቀመጥ ግን ጋባዡን ያሳቅቃል።

ጋባዥ ካልኩ አይቀር ወደ ሂሳቡ ልምጣ። አገር ቤት የጠራ ይከፍላል። እዚህ «ልደቴን እራት እናክብር» ያለችው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሁላችሁንም ልትከፍል አይደለም የጠራችው። እንዲያውም የሷን እናንተ ትካፈሉላታላችሁ። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ ካርድ መንጠቅም ለነሱ ግራ ነው። ሂሳብ ለየብቻ ከፈለጋችሁ ሲታዘዝ ተናገሩ። አምስት ሰው ኦይስተር ሲያወርድ አንዱ ባምያ በልቶ እኩል ቢከፍል ቅር ይለዋል፤ በኋላ አፍ አውጥቶ የሚናገር ደግሞ የለም።

ቲፕ ላይ አትሰስቱ። በፌዴራል ሕጉ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2.13 ዶላር ብቻ ከፍሎ፣ ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ የቀረውን ቲፑ እንዲሞላው ማድረግ ይችላል። ይቺ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። ሉዊዚያናም ጆርጂያም ቴክሳስም በዚችው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ከ18 እስከ 20 በመቶ ተዉ። ነገር ግን ከመጻፋችሁ በፊት ደረሰኙን አንብቡ። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ብዙ ቤት ራሱ ይጨምራል፤ ግራቹዊቲ ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሁለቴ መክፈል ደግነት አይደለም።

የአበሻ ቀጠሮም እዚህ አይሠራም። ብዙ ቤት ሰዉ ካልተሟላ አያስቀምጥም፤ እናንተን ሲጠብቁ ሌሎቹ በር ላይ ይቆማሉ።

ሳህኑ ትልቅ ስለሆነ ይተርፋችኋል፤ ቦክስ ጠይቁ። ጉምቦ ካዘዛችሁ ውሰዱት፤ ሲያድር ይጥማል። የተጠበሰውን ዓሣ ግን እዚያው ጨርሱት፣ ቦክስ ውስጥ ላብ ላብ ብሎት ይልፈሰፈሳል።