ፓቹን ሳነሳ ኮምፒውተሬ ለምን ቀጥ ይላል?

ጥያቄ፦ ያገለገለ አሚጋ 1200 ኮምፒውተር አለኝ። ፕሮግራሞች የትኞቹን ፋይሎች እንደሚከፍቱ ለማየት፣ በዶስ ላይብረሪ (ፋይል ነክ ፈንክሽኖች በተሰበሰቡበት የሲስተሙ ክፍል) ውስጥ ያለውን፣ ፋይል የሚከፍተውን «ኦፕን» ፈንክሽን በሴትፈንክሽን (የፈንክሽን አድራሻን በሚተካ የሲስተም ጥሪ) አማካይነት ወደ ራሴ ኮድ የሚያዞር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍሁ። ሲሠራ ደህና ነው፤ ስዘጋው ግን፣ በተለይ ሌሎች መሰል ፕሮግራሞች ክፍት ከሆኑ፣ ኮምፒውተሩ ብዙም ሳይቆይ ቀጥ ይላል። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከጀርመን)

መልስ፦ ፓች (የፈንክሽን ጥሪን ወደ ራስ ኮድ የሚያዞር ለውጥ) ማስገባት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ማንሳቱ ነው። በአሚጋ ከእያንዳንዱ ላይብረሪ መነሻ አድራሻ በታች ባለ 6 ባይት የዝላይ ትእዛዞች ተደርድረዋል፤ 2ቱ ባይት ትእዛዙ፣ 4ቱ ደግሞ የሚዘለልበት አድራሻ ናቸው። ሴትፈንክሽን ይህን አድራሻ በእርስዎ ተክቶ የቀድሞውን ይመልስልዎታል።

ከእርስዎ በኋላ ሌላ ፕሮግራም ያንኑ «ኦፕን» ፓች ካደረገ፣ «የቀድሞው» ብሎ የሚይዘው የእርስዎን አድራሻ ነው። እርስዎ ዋናውን አድራሻ መልሰው ሲወጡ የእርሱ ፓች ሳያውቀው ይጠፋል፤ እርሱ በተራው ሲዘጋ ደግሞ ኮድዎ የነበረበትን፣ አሁን ግን የተለቀቀውን የሜሞሪ አድራሻ በቦታው ይመልሳል። ቀጥሎ ፋይል የሚከፍት ማንኛውም ፕሮግራም ወደ ባዶ ይዘላል፤ አሚጋ የሜሞሪ ጥበቃ ስለሌለው መላው ማሽን አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ ሲወጡ በመጀመሪያ በ«ፎርቢድ» የታስኮችን (በየተራ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) መፈራረቅ ያግዱ፤ ከዚያም ዋናውን አድራሻ በሴትፈንክሽን መልሰው፣ የተመለሰልዎት አድራሻ የራስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። የሌላ ከሆነ ወዲያውኑ በቦታው ይመልሱት፣ እገዳውን በ«ፐርሚት» ያንሱ፣ ፕሮግራሙም ለመዘጋት እምቢ ይበል።

ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። አንድ ታስክ ኮድዎ የጠራውን ዋናውን «ኦፕን» ይዞ ፍሎፒው እስኪነበብ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ሲጨርስ የሚመለሰው ወደ ኮድዎ ነው። በኮድዎ ውስጥ ያሉትን ታስኮች መቁጠር አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ምክንያቱም ቆጣሪው ዜሮ ከሆነ በኋላም የመጨረሻዋ የመመለሻ ትእዛዝ ገና አልተፈጸመችም። እኔ የምመርጠው ኮዱን ፈጽሞ አለመልቀቅ ነው፦ መዝጊያው አንዲት ምልክት ብቻ ይለውጥ፣ ኮዱም ምልክቷን አይቶ በቀጥታ ወደ ዋናው ፈንክሽን ይዝለል። 2 ሜጋባይት ባለው ማሽን ላይ ጥቂት መቶ ባይት ቢቀር የሚጎዳ ነገር የለም።

የተከፈቱትን ፋይሎች መዝገብ ከፓቹ ውስጥ ወደ ፋይል የሚጽፉ ከሆነም፣ ለዚያ የሚጠሩት «ኦፕን» ተመልሶ ወደ ራስዎ ኮድ ይገባል፤ ጽሕፈቱን ለተለየ ታስክ በመልእክት ያስተላልፉ፣ የዚያን ታስክ ጥሪም ፓቹ ሳይመዘግብ ያሳልፈው።